ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ፦ ገለልተኛ አገር ጦርነት ውስጥ እንዴት ይገባል?

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ፣ እኔ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ «ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ከመቆየቱ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ከባንኮኒው ሥር ግን ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። ግማሹ ሰፈር እዚያ ላይ ተጽፏል። እኔም አለሁበት፤ የባለፈው ወር ዘይት።

ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ ባለሱቁ ጋሼ ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር። ዜናው ላይ አንድ አገር «ገለልተኛ ነኝ» አለ። ጋሼ ድምፁን ቀነሱና «አንተ፣ ታሪክ ምናምን ታነባለህ አይደል?» አሉኝ። «ይሄ ገለልተኛ ነኝ ባይ ሁሉ መጨረሻ ላይ ጦርነት ውስጥ ነው የምናገኘው። እንዴት ነው ነገሩ? አንድ ቀን ጠዋት ይነሣና ይገባል?»

አይገባም። ቢያንስ አሜሪካ እንደዚያ አልገባችም። የእሷ ነገር ቀን በቀን ተመዝግቦ ስላለ ለማስረዳት ይመቻል። ደግሞም ታሪኩ ሁለት ጊዜ በእኛ ደጅ ያልፋል። የመጀመሪያው ዳፋ የወደቀው በእኛ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ብዙ ሰው የሚያውቀው መጨረሻውን ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ሃዋይ ላይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር፣ ፐርል ሃርበርን፣ ደበደበች፤ አሜሪካ ተቆጥታ ገባች። እውነት ነው። ግን ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት በፊት የነበረችውን አሜሪካ ብናያት ምን እናገኛለን? ለእንግሊዝ መሣሪያ በዱቤ ትልካለች። ወታደሮቿ አይስላንድ ላይ ሰፍረዋል። ባሕር ኃይሏ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ባየ ቁጥር እንዲተኩስ ታዟል። ከመቶ በላይ መርከበኞቿም ሞተዋል። በወረቀት ግን ገለልተኛ ናት። ጥያቄው እዚህ ድረስ እንዴት ደረሰች ነው።

መጀመሪያ ለምን መራቅ እንደፈለገች እንይ። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመርም «አያገባንም» ብላ ነበር። ነጋዴዎቿ ግን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ይሸጣሉ፣ ባንኮቿም ያበድራሉ። በሜይ 1915 ጀርመን ሉሲታኒያ የተባለችውን የእንግሊዝ መንገደኛ መርከብ በቶርፒዶ መታች። 1,198 ሰው አለቀ፤ 128ቱ አሜሪካውያን ነበሩ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1916 «ከጦርነት ጠበቀን» ተብሎለት ተመረጠ። በኤፕሪል 1917 ጦርነት አወጀ። ከ116,000 በላይ አሜሪካውያን ሞቱ። ሲያበቃ ደግሞ አውሮፓ ያው አውሮፓ ነው።

ሕዝቡ በንዴት ተቃጠለ። በ1934 የሴኔት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የመሣሪያ ነጋዴዎችንና የባንክ ሰዎችን እየጠራ ጠየቀ። ብዙ ሰው የደረሰበት ድምዳሜ ቀላል ነበር፦ የጎተተን ንግድ ነው። እንግዲያው ንግዱን በሕግ እንሰረው።

ኦገስት 31 ቀን 1935 የገለልተኝነት ሕግ ወጣ። ሁለት አገር ሲዋጋ ፕሬዚዳንቱ «ጦርነት አለ» ይላል። ካለ በኋላ ለሁለቱም መሣሪያ መሸጥ ክልክል ነው። ማን ወረረ፣ ማን ተወረረ የሚል ጥያቄ የለም። ለሁለቱም እኩል።

አንድ ወር አለፈው። ኦክቶበር 3 ጣልያን ሳያውጅ መረብን ተሻገረ፤ የአድዋ ከተማ ተደበደበች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከ2 ቀን በኋላ ሕጉን ሥራ ላይ አዋለው። ያ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው በእኛ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ጣልያን አውሮፕላን ይሠራል፣ ታንክ ይሠራል፣ ጥይት ይሠራል። ከአሜሪካ ጠመንጃ ባይገዛ ምን ይጎድልበታል? ኢትዮጵያ ግን የመሣሪያ ፋብሪካ የሚባል አልነበራትም። ያላትን ሁሉ ከውጭ ነው የምትገዛው። የገዛችውንም የምታስገባበት አንድ የባቡር መስመር ነው ያላት፤ የኛን አዳማ አልፎ የሚሄደው ያ አሮጌ ሐዲድ። ጫፉ ጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ በፈረንሳይ እጅ። ስለዚህ «ለሁለቱም አንሸጥም» ሲባል አንደኛው ምንም አልቀረበትም፤ ሁለተኛው እጁ ታሰረ።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ። «እኔም ሁለት ሰው ሲጣላ ለሁለቱም ዱላ አልሸጥም ብል፣ አንደኛው አናጺ ቢሆንስ?» አሉ። ከዚህ በላይ እኔም አላብራራውም።

የባሰው ደግሞ ሕጉ የሚከለክለው መሣሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ነዳጅ አይከለክልም። ብረትም፣ የጭነት መኪናም አይከለክልም። ጣልያን የሚፈልገው ደግሞ እነዚህን ነበር። ሩዝቬልት ይህ ስላስጨነቀው ነጋዴዎቹን ለመናቸው። ከወትሮው በላይ አትሽጡ፣ ነውር ነው አላቸው። በይሉኝታ የቆመ ማዕቀብ በሉት። ይሉኝታና ትርፍ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ ነጋዴ ያውቃል። ለጣልያን የሚሸጠው ነዳጅ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የመንግሥታቱ ማኅበርም ቢሆን በጣልያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም። በየቀኑ ከጅቡቲ መንገድ መጥቶ በከተማችን የሚያልፈውን ቦቴ ሰልፍ ያየ ሰው፣ ነዳጅ የተተወበት ማዕቀብ ምን ያህል ማዕቀብ እንደሆነ አይጠፋውም። ሜይ 5 ቀን 1936 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ።

በእኔ አስተያየት ስለ ገለልተኝነት መማር የሚፈልግ ሰው ከፐርል ሃርበር በፊት ይሄን ቢያይ ይሻለዋል። «አልገባም» ማለትም ሚዛኑን ያዘነብላል። ሩዝቬልትም ትምህርቱን የወሰደ ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ስናይ ሕጉን ሁልጊዜ የሚያየው «ማንን ይጠቅማል?» ብሎ ነው።

በ1937 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነትም በእገዳው ተጠቃለለ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሕጉ አዲስ ነገር ተጨመረበት። ከመሣሪያ ውጪ ያለ ዕቃ የሚፈልግ ተዋጊ አገር ይግዛ፤ ግን በካሽ ይክፈል፣ በራሱ መርከብም ጭኖ ይሂድ። አመክንዮው ጥሩ ነው። አበዳሪ ከሆንክ ተበዳሪህ እንዳይሸነፍ ትፈልጋለህ። መርከብህ ከሰጠመ ትቆጣለህ። ስለዚህ ካሽ፣ ደግሞም ጭነህ ሂድ። የጋሼ ካርቶን የመጀመሪያው ግማሽ ማለት ነው።

ይህም ሕግ እኩል ይመስላል። እኩል ግን አይደለም። ገንዘብና መርከብ ያለው ብቻ ነው የሚጠቀምበት። አትላንቲክ ላይ ይህ ማለት እንግሊዝ ነው። እስያ ላይ ግን ጃፓን ትሆናለች፤ ቻይና መርከብ አልነበራትም። ስለዚህ ጃፓን በጁላይ 1937 ቻይናን ስትወር ሩዝቬልት ዘዴ አገኘ። ሁለቱም በይፋ አላወጁም፤ እንግዲያው ጦርነት የለም! ሕጉን ዝም አለው። ጣልያንም አላወጀም ነበር እኮ። ያኔ ግን በ2 ቀን ውስጥ ነው የታወጀብን። ይህን ስጽፍ ትንሽ ያቃጥለኛል፤ አልደብቅም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀርመን ፖላንድን ወረረች። ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀርቦ አገሪቱ ገለልተኛ እንደምትሆን ተናገረ። ግን እያንዳንዱ ሰው በሐሳቡም ገለልተኛ ይሁን ብሎ መጠየቅ እንደማይችል ጨመረበት። ኖቬምበር ላይ ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለው። አሁን መሣሪያም መሸጥ ይቻላል፤ በካሽና በራስ መርከብ እስከሆነ ድረስ። የአሜሪካ መርከቦች ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የጦር ቀጣና ብሎ ወደሰየመው ባሕር እንዳይገቡ ተከለከሉ። ይህችን ክልከላ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ 1940 መጣ። ኖርዌይ፣ ቤልጂየም፣ ሆላንድ ሁሉም ገለልተኛ ነበሩ። ሁሉም ተወረሩ። እነሱ በራቸው ተሰብሮ ነው የገቡት፤ ደረጃ በደረጃ የሚባል ነገር አላገኙም። ጁን ላይ ፈረንሳይ እጅ ሰጠች። አሜሪካኖቹ ካርታ አወጡ። እንግሊዝ ከወደቀች አትላንቲክ የማን ነው?

በሴፕቴምበር ወር ብቻ ሦስት ነገር ሆነ። 50 ያረጁ የጦር መርከቦች ለእንግሊዝ ተሰጡ፤ በምትኩ አሜሪካ የእንግሊዝ ይዞታዎች ላይ ለ99 ዓመት የጦር ሰፈር ሊዝ አገኘች። በሰላም ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። «አሜሪካ ትቅደም» የሚል ኮሚቴም ተቋቋመ። ታዋቂው አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ በየስብሰባው እየተነሣ ይናገርለት ነበር።

እነዚህን ተቃዋሚዎች እንደ ሞኝ መቁጠር የተለመደ ነው። ሊንድበርግ አይሁዶችን አስመልክቶ የተናገረው ነገር ስሙን አበላሽቶታል፤ ይገባዋልም። ዋናው ክርክራቸው ግን «አንዷ እርምጃ ሌላዋን ትጠራለች፣ መጨረሻው ጦርነት ነው» የሚል ነበር። ይህ ደግሞ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሩዝቬልት በበኩሉ በኦክቶበር 1940 ምርጫው ሲቃረብ ቦስተን ላይ ለእናቶችና ለአባቶች ቃል ገባ። ልጆቻችሁ የባዕድ ጦርነት ውስጥ አይላኩም አላቸው። ቃሉን ሲሰጥ ምን ያህል አምኖበት እንደነበር እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። ዲሴምበር 1940 ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ለሩዝቬልት ረጅም ደብዳቤ ላከ። ፍሬ ነገሩ፦ ካሽ ሊያልቅብን ነው። ሕጉ ደግሞ ካሽ ይላል። ምን ይደረግ?

ሩዝቬልት ዲሴምበር 17 ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ምሳሌ አመጣ። የጎረቤቴ ቤት በእሳት ቢያያዝና እኔ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቢኖረኝ ምን አደርጋለሁ? «ጎማውን በ15 ዶላር ነው የገዛሁት፣ መጀመሪያ ክፈለኝ» አልለውም። እሰጠዋለሁ። እሳቱ ሲጠፋ ጎማዬን ይመልስልኛል።

ጎበዝ ምሳሌ ነው። ማን ጎረቤቱን እምቢ ይላል? አንድ ተቃዋሚ ሴናተር፣ ሮበርት ታፍት፣ መልስ ነበረው። የጦር መሣሪያ ማበደር ማስቲካ እንደማበደር ነው፤ ከታኘከ በኋላ ማን ይመለስልኝ ይላል? አለ። እኔ በዚህች ነጥብ ከታፍት ጋር ነኝ። ያኔ የተሰጠው ዱቤ ሳይሆን ወገን መያዝ ነው። ወገን መያዙ ትክክል ነበር ወይ ከተባልኩ፣ አዎ ነበር፤ ያ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ማርች 11 ቀን 1941 የማበደርና የማከራየት ሕግ ተፈረመ። ለመጀመሪያ ዙር 7 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ካሽ የሚለው ቀረ።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ገና አለ፤ ጭነህ ሂድ የሚለው። ዕቃውን በዱቤ ሰጥተህ መንገድ ላይ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ቢያሰጥመው ምን ሠራህ? ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ያደርሰዋል ሆነ።

ሁለተኛ ጊዜ በእኛ ደጅ የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። ጣልያን ጦርነቱ ውስጥ ከገባበት ከ1940 ክረምት ጀምሮ ቀይ ባሕር የጦር ቀጣና ተብሎ ለአሜሪካ መርከቦች ተዘግቶ ነበር። ምጽዋ በጣልያን እጅ ነበረችና። በ1941 መጀመሪያ የእንግሊዝ ጦርና አርበኞቻችን ጣልያንን ከየአቅጣጫው አጣደፉት። ኤፕሪል 8 ምጽዋ ወደቀች። ሩዝቬልት ቀናት አልፈጀበትም፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከእንግዲህ የጦር ቀጣና አይደሉም አለ። የአሜሪካ መርከቦች መሣሪያ ጭነው እስከ ስዊዝ መሄድ ቻሉ፤ ግብፅ ውስጥ ለሚዋጋው የእንግሊዝ ጦር። ሕጉ አልተሻረም። ካርታው ብቻ ተቀየረ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ወር ሳይሞላ ሜይ 5 ነው፤ የእኛው ሚያዝያ 27።

ሰሜን አትላንቲክ ላይ ነገሩ ፈጠነ። ጁላይ ላይ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች አይስላንድ ገቡ። ኦገስት ላይ የውትድርናውን ዘመን የማራዘም ጉዳይ በተወካዮች ምክር ቤት 203 ለ 202 አለፈ። በአንድ ድምፅ! ከፐርል ሃርበር አራት ወር በፊት እንኳን አገሪቱ ለሁለት ተሰንጥቃ ነበር።

ሴፕቴምበር 4 የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ግሪር የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ፖስታ ይዛ ወደ አይስላንድ ትጓዛለች። አንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን «ከፊትሽ ሰርጓጅ መርከብ አለ» ይላታል። ግሪር መተኮስ አልተፈቀደላትም። መከተል ግን ትችላለች። ሰዓታት እየተከተለች ያለበትን ቦታ ለአውሮፕላኑ ትናገራለች። አውሮፕላኑ 4 የውኃ ውስጥ ፈንጂ ጥሎ ነዳጁ ሲያልቅ ሄደ። ከውኃ በታች ያለው ጀርመን ፈንጂው ከማን እንደመጣ በምን ይወቅ? በላዩ ያለችው መርከብ አንድ ናት። ቶርፒዶ ተኮሰ፤ ሳታት። ግሪርም አጸፋውን ጣለች።

ከሳምንት በኋላ ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀረበ። ሰርጓጁ ያለማስጠንቀቂያ መጀመሪያ ተኮሰ አለ። ስለመከታተሉና ስለአውሮፕላኑ አላነሣም። መርዘኛ እባብ ሊነድፍህ ሲዘጋጅ እስኪነድፍህ አትጠብቅም ብሎ እንደተገናኙ እንዲተኮስ አዘዘ። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ግማሽ እውነት ነው። መንግሥታት ወደ ጦርነት ሲጠጉ ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን እንዲህ ያለውን ነው፤ የቀረው ግማሽ ኋላ ይወጣል።

ኦክቶበር 17 ከርኒ የተባለች መርከብ ተመትታ 11 ሰው ሞተ። ኦክቶበር 31 ሩበን ጀምስ ሰጠመች፤ ከመቶ ያላነሱ መርከበኞች አለቁ። ኖቬምበር ላይ በ212 ለ 194 ድምፅ የንግድ መርከቦች ታጥቀው ወደ ጦር ቀጣና እንዲገቡ ተፈቀደ። የ1935ቱ ነገር ያኔ አለቀለት። ጦርነት ግን አሁንም አልታወጀም።

የመጨረሻው በር የተከፈተው ማንም በማይጠብቀው በኩል ነው፤ በነዳጅ። በጁላይ 1941 ጃፓን የፈረንሳይ ይዞታ ወደነበረው ደቡብ ኢንዶቻይና ስትዘልቅ ሩዝቬልት በአሜሪካ ያለ ገንዘቧን አገደ። ነዳጁም ቆመ። ጃፓን ከምትጠቀመው ነዳጅ አራት አምስተኛ ያህሉ የአሜሪካ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ለጣልያን ያልተከለከለው ያ ነዳጅ አሁን ተከለከለ። ጃፓን ሁለት ምርጫ ነበራት፤ ከቻይና መውጣት ወይም ነዳጅ ያለበትን አገር መያዝ። ሁለተኛውን መረጠች። መንገዷ ላይ የሚቆመው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደግሞ ፐርል ሃርበር ላይ ነበር።

2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። በማግስቱ ምክር ቤቱ 388 ለ 1 ወሰነ። እምቢ ያለችው የምክር ቤቱ አባል ጃኔት ራንኪን ብቻ ናት፤ በ1917ም እምቢ ካሉት አንዷ ነበረች። ሩዝቬልት ጥቃቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር የሚለውን ወሬ አልቀበለውም፤ ብዙዎቹ የታሪክ ሰዎችም አይቀበሉትም። ብዙ ጊዜ የምትዘለል ነገር ግን አለች። አሜሪካ ያን ቀን ያወጀችው በጃፓን ላይ ብቻ ነው። ዲሴምበር 11 ጀርመንና ጣልያን ናቸው ያወጁባት።

«ስዊዘርላንድስ?» አሉ ጋሼ። እሷና ስዊድን እስከ መጨረሻ አልገቡም። ስዊድን ግን ለጀርመን ብረት ማዕድን ትሸጥ ነበር። ባንኮኒው አልተዘጋም።

በዲሴምበር 1942 ኢትዮጵያም የዚያ የዱቤ ሕግ ተጠቃሚ እንድትሆን ሩዝቬልት ወሰነ። ጠመንጃ መግዛት የተከለከለችው አገር ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት ዘግይቶ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንግሊዝ ከፈለች?»

ከጦርነቱ በኋላ ሒሳቡ በአብዛኛው ተሰረዘ፤ የቀረው ከሌላ ብድር ጋር ተጠቃሎ ተጻፈባት አልኳቸው። የመጨረሻውን የከፈለችው በዲሴምበር 2006 ነው።

«2006?» አሉ። ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። «ስድሳ ዓመት?»

ከዚያ ሻማውን ጠጋ አደረጉና ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር አወጡት።